ሰፈራችሁን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ እንዴት ታስገባላችሁ? ከዝግጅት እስከ ማጋራት

ይህ መመሪያ ሰፈራቸውን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ለማስገባት ሞክረው ለተዉ ሰዎች ነው። አካውንት ይከፍታሉ፣ ሁለት ሦስት ቤት ይስላሉ፣ ከዚያ ሥራቸው ይጠፋል። ወይም የሳሉት መንገድ ቤት ላይ ይወጣል። ወይም የማያውቁት ሰው "ይህን መረጃ ከየት አመጣኸው?" ብሎ ይጽፍላቸውና ደንግጠው ይተዉታል። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ሳይዘጋጁ ከመጀመር ነው።

ለማያውቀው፣ ኦፕንስትሪትማፕ ማንም የሚያርመው፣ ማንም ዳታውን በነፃ አውርዶ የሚጠቀምበት የዓለም ካርታ ነው። አንድ ጊዜ ያስገባችሁት ጤና ጣቢያ ያለ ኢንተርኔት በሚሠሩት ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ ላይም ይወጣል። ቤትና መንገድ ከሳተላይት ፎቶ ላይ ስለሚታይ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ዘመድም ሊስለው ይችላል። የሰፈሩን ስም ግን እዚያ ከሚኖር ሰው በቀር የሚያመጣው የለም። ስለዚህ ስም ላይ ስንደርስ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

ደረጃ 1፦ ትንሽ ቦታ ምረጡ

"ክፍለ ከተማውን በሙሉ" ብላችሁ አትነሡ። አይጨረስም። በእግር በአንድ ጠዋት ተዙሮ የሚያልቅ ቦታ ምረጡ። ድንበሩን በቀበሌ ወይም በወረዳ መስመር አታድርጉት፤ መሬት ላይ የሚታይ ነገር ይሁን፦ አስፋልቱ፣ ወንዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር። ሁለት ቡድን ስትሆኑ የት ጋ እንደምትለያዩ ማንም አይሳሳትም።

ከመውጣታችሁ በፊት ኦፕንስትሪትማፕ ዶት ኦርግ ላይ ገብታችሁ ቦታውን ተመልከቱ። ሌላ ሰው የሳለው ነገር ካለ ያንን ታርማላችሁ እንጂ ከላዩ አትስሉም። ጀማሪዎች ከሚሠሩት ስህተት ሁሉ የከፋው አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ መሳል ነው።

ደረጃ 2፦ እነዚህን አዘጋጁ

- አካውንት። በኢሜይል ይከፈታል፣ ነፃ ነው። የምትጽፉትን ሁሉ ሰው ስለሚያየው የተጠቃሚ ስማችሁን ስልክ ቁጥር አታድርጉት።
- ቻርጅ የተደረገ ስልክና ፓወር ባንክ።
- የቦታው ካርታ በኤ4 ወረቀት ታትሞ፣ እርሳስ፣ ጠንካራ መደገፊያ። እስክርቢቶ ዝናብ ከነካው ይፈሳል፤ ለማጥፋትም አይመችም።
- አንድሮይድ ካላችሁ ስትሪትኮምፕሊት የሚባለውን አፕ ጫኑ። መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር፣ ሕንፃው ስንት ፎቅ ነው እያለ ይጠይቃል፤ እናንተ መመለስ ብቻ ነው። ሱቅ፣ ካፌና ፋርማሲ ለመመዝገብ ኤቭሪዶር ይሻላል፤ እሱ ለአይፎንም አለ።
- ለመሳል ኮምፒውተር። በስልክ ብሮውዘር ቤት ለመሳል አትሞክሩ፤ ጣታችሁ ነጥቡን ሁሉ ያንቀሳቅሰዋል።

ቦታውን ዋይፋይ ባለበት ቀድማችሁ አፑ ላይ አውርዱ። ሜዳ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋም መልሳችሁ ስልኩ ላይ ይቀመጣል፤ ቤት ስትገቡ ትልኩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ለሰፈሩ ሰው ንገሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ነው። ወረቀትና ስልክ ይዞ ቤት ለቤት የሚያይ ሰው ሲመጣ ነዋሪው የሚያስበው መሬት ሊለካ፣ ግብር ሊጨምር ወይም ቤት ሊያፈርስ እንደመጣ ነው። ቢፈራ አይፈረድበትም።

መጀመሪያ ወደ እድሩ ሊቀመንበር ሂዱ። ምን እንደምትሠሩ፣ ለምን እንደምትሠሩ፣ ማን እንደሚጠቀምበት በአጭሩ ንገሩ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ሌላ ሰፈር እንዴት እንደሚታይ አሳዩ። የሰው ስም፣ የቤት ባለቤት፣ ስልክ ቁጥር እንደማትመዘግቡ በግልጽ ተናገሩ፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። በቡድን ከሆናችሁ ለወረዳው አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ መታወቂያም ያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ የወታደር ካምፕ፣ የኤምባሲ፣ የመንግሥት ተቋም አካባቢ ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ አታንሱ። ለማስታወስ ፎቶ ካስፈለጋችሁ የሱቁን ሰሌዳ ብቻ፣ ባለቤቱን ጠይቃችሁ አንሱ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም።

ደረጃ 4፦ ዞራችሁ መዝግቡ

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ስልክ ይይዛል፣ ሌላው ወረቀት። ወረቀቱ ላይ ቁጥር ጻፉ፣ ከጀርባው ለቁጥሩ ማብራሪያ፦ "7 - የውሃ ቦኖ፣ ይሠራል"፣ "8 - ደረጃ፣ መኪና አያልፍም"። በጽሑፍ ካርታውን አትሙሉት፤ ማታ ራሳችሁም አታነቡትም።

ጂፒኤስ የምትጠቀሙ ከሆነ ስልኩን እንዳወጣችሁ ነጥብ አትውሰዱ። ሰማይ ወደሚታይበት ቦታ ወጥታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ አፑ የሚያሳየው የስህተት መጠን ወደ 5 ሜትር ሲወርድ መዝግቡ። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ግን ጂፒኤስ ይዘላል። እዚያ ስልኩን አትመኑ፤ "ከአደባባዩ ሦስተኛው ሕንፃ" ብላችሁ ወረቀቱ ላይ አስፍሩ።

ደረጃ 5፦ ከመሳላችሁ በፊት የሳተላይቱን ፎቶ አስተካክሉ

ኮምፒውተር ላይ ቦታውን አጉሉትና "ኤዲት" የሚለውን ተጫኑ። አይዲ የሚባለው መሳያ ይከፈታል። ከበስተጀርባ የሚታየው የሳተላይት ፎቶ ከመሬቱ ጥቂት ሜትር ዘወር ሊል ይችላል፤ በተለይ ተራራማ ቦታ ላይ። ይህን ሳታዩ 100 ቤት ከሳላችሁ 100ውም ተዘዋውሮ ይቀመጣል።

1. የቢ ቁልፍን ተጫኑ፤ የፎቶዎች ዝርዝር ይከፈታል። ቢንግንና ኤስሪን እየቀያየራችሁ የቱ አዲስና ጥርት ያለ እንደሆነ እዩ።
2. በዚያው ሰሌዳ ላይ ሰዎች የጫኑትን የጂፒኤስ ዱካ አብሩ። ዱካዎቹ በመንገዱ መሃል ካለፉ ፎቶው ልክ ነው።
3. ሁሉም ዱካ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ከሰሌዳው ግርጌ ባለው ማስተካከያ ፎቶውን ጎትታችሁ ከዱካው ጋር አጋጥሙት።

ዱካ ከሌለስ? ቀደም ብለው በጥንቃቄ ከተሳሉት መንገዶችና ሕንፃዎች ጋር አመሳስሉ። የተሳለውን ወደ ፎቶው አትግፉ፤ ፎቶውን ወደተሳለው አምጡት።

ደረጃ 6፦ መንገድ መጀመሪያ

ቤት ከመሳላችሁ በፊት መንገዱን ጨርሱ። 2 ቁጥርን ስትጫኑ መስመር መሳል ይጀምራል። በመንገዱ መሃል ሂዱ፤ ጠርዙን አትከተሉ።

መንገድ ከመንገድ ሲገናኝ ነጥቡ የጋራ መሆን አለበት። በዓይን ተነካክተው የሚታዩ ሁለት መስመሮች ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው፤ አቅጣጫ የሚጠይቅ ሰው እዚያ ሲደርስ "መንገድ የለም" ይባላል። መስመሩን ስትጨርሱ የሌላውን መንገድ መስመር ላይ ክሊክ አድርጉ፤ ነጥቡ ይያያዛል። አይዲ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ካሳያችሁ አትለፉት።

የመንገዱን ዓይነት ስትመርጡ የሚያሳስተው ስፋቱ ነው። ዓይነቱ የሚወሰነው በሚያገናኘው ቦታ ነው። ሁለት ከተማ የሚያገናኝ ፒስታ መንገድ ዋና መንገድ ነው፤ ኮረኮንች ቢሆንም። በቤቶች መካከል የሚያልፍ አዲስ አስፋልት ደግሞ የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ነው። የተነጠፈበትን ነገር ለብቻው ትሞላላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ኮብልስቶን የምንለው ተጠርቦ የተነጠፈ ድንጋይ በካርታው አሠራር "ሴት" (sett) ከሚለው የእንግሊዝኛ ምድብ ነው የሚገባው። ያልተጠረበው ድንጋይ የራሱ ምድብ አለው።

መኪና የማያስገባ ቅያስ ከሆነ የእግር መንገድ አድርጉት፤ ደረጃ ከሆነም ደረጃ። ይህን በሚገባ ካልለያችሁት አምቡላንሱን ጭምር ደረጃ አፋፍ ላይ ታደርሱታላችሁ።

ደረጃ 7፦ ቤትና ግቢ

3 ቁጥር ስፋት ያለው ነገር ለመሳል ነው። የቤቱን ማዕዘኖች ዙሩና ዝጉ፤ ከዚያ የኪው ቁልፍን ተጫኑ፤ ማዕዘኖቹ ቀጥ ይላሉ። ክብ ለሆነ ነገር፣ ለገጠር ጎጆ ወይም ለክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን አምስት ስድስት ነጥብ አድርጋችሁ የኦ (O) ቁልፍን ተጫኑ፤ ክብ ይሆናል።

እዚህ የሚበዙት ስህተቶች እነዚህ ናቸው፦

- ግቢውን ቤት ማድረግ። አጥሩን አትከተሉ፤ ጣሪያውን ተከተሉ።
- ተያይዘው የተሠሩ የቆርቆሮ ጣሪያዎችን አንድ ቤት ማድረግ። የጣሪያው ቀለም ወይም ተዳፋት ሲለወጥ ቤቱ ተለውጧል ማለት ነው። ካልለየላችሁ በእግር ሄዳችሁ እዩ።
- ጣሪያው ባለበት መተው። ጂ+4 ኮንዶሚኒየም በሳተላይት ፎቶ ላይ ዘንበል ብሎ ስለሚታይ ጣሪያው ከመሠረቱ ይርቃል። ጣሪያውን ሳሉ፣ ከዚያ ቅርጹን ሙሉውን ወደ መሠረቱ ጎትቱት።

የኮንዶሚኒየም ብሎክ ቁጥርን አትርሱ። እንግዳ የሚመጣው፣ ዕቃ የሚደርሰው በእሱ ነው።

ትምህርት ቤት ሲሆን መጀመሪያ ግቢውን በሙሉ ሳሉና ትምህርት ቤት በሉት፤ ስሙንም እዚያው ጻፉ። የውስጥ ሕንፃዎችን ሕንፃ ብቻ አድርጓቸው። በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ስሙን ከደገማችሁት ካርታው አሥር ትምህርት ቤት ያለ ያስመስለዋል። ለሆስፒታልም እንዲሁ ነው።

ደረጃ 8፦ ስም

ከቅርጹ ይልቅ ስሙ ላይ ጊዜ ስጡ። ሰው የሚፈልገው በስም ነው፤ የተሳሳተ ቅርጽ ይታረማል፣ የጠፋን ስም ግን የሚያውቀው ሰው ካለፈ በኋላ ማግኘት ከባድ ነው።

የትኛው ስም? ሰሌዳው ላይ ያለውንና ሰው የሚጠራውን ለዩ። የቦሌ መንገድ በሰሌዳ አፍሪካ ጎዳና ነው፤ ታክሲ ላይ ግን ማንም እንዲያ አይልም። ሁለቱም ይገባሉ፦ ዋናው በስም ሳጥን፣ ሌላው በአማራጭ ስም ሳጥን። የተለወጠ ስም ሲሆን የድሮው በ"ቀድሞ ስም" ይቀመጣል። አዳማ ዋናው ስም ነው፣ ናዝሬት የቀድሞው፤ ቢሾፍቱና ደብረ ዘይትም እንደዚያው። እንዲህ ከተቀመጠ ፈላጊው በየትኛውም ስም ያገኘዋል፤ የማንም ስም አይጠፋም።

ጠያቂው እናንተ ከሆናችሁ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ። "እማማ፣ ይህ ቅያስ ማን ይባላል? ድሮስ ማን ነበር?" ሁለተኛዋን ጥያቄ አትዝለሉ።

አታሳጥሩ። ሰሌዳው "ት/ቤት" ቢልም እናንተ "ትምህርት ቤት" ጻፉ። "ቅ/ገብርኤል" ሳይሆን "ቅዱስ ገብርኤል"። የሚፈልገው ሰው በየትኛው እንደሚጽፍ ስለማይታወቅ ካርታው ሙሉውን ነው የሚፈልገው።

ፊደሉስ? ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሰሌዳው ላይ ያለውን እንዳለ ውሰዱ፤ ሰው በብዛት የሚጽፈው ሌላ ከሆነ በአማራጭ ስም ጨምሩ። ካዛንቺስና ካሳንቺስም እንዲሁ ነው።

በየትኛው ቋንቋ? በቦታው ሰሌዳ ላይና በነዋሪው አፍ ላይ ያለው ቋንቋ ዋናው ስም ይሆናል፤ ከስሙ አጠገብ ያለችውን የመደመር ምልክት ስትጫኑ ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛ፣ ለትግርኛ፣ ለእንግሊዝኛ ለየብቻ ሳጥን ይከፈታል። ሁሉንም በአንድ ሳጥን ውስጥ በሰረዝ አትደርድሩ። ሌላ ሰው የጻፈውን ስም በራሳችሁ ቋንቋ አትተኩ፤ የእናንተን በራሱ ሳጥን ጨምሩ። የክልልና የዞን ድንበር መስመሮችን ጨርሶ አትንኩ።

የሥራ ሰዓት ስትሞሉ ካርታው የሚያውቀው የዓለሙን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ለቀን ሰዓት 6 ደምሩ፤ ለማታ ሰዓት 18። ፋርማሲው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ከሆነ 08:00 እስከ 21:00 ይጻፋል። "2:00-3:00" ብላችሁ ብትጽፉ አንድ ሰው እናቱ ታማበት ሌሊት ፋርማሲው ክፍት መስሎት ይሄዳል። ለተሠራበት ዓመትም እንዲሁ፤ ካርታው የሚፈልገው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ደረጃ 9፦ ሴቭ አድርጉ፣ ምንጫችሁን ተናገሩ

20 ወይም 30 ቤት በሳላችሁ ቁጥር ሴቭ አድርጉ። መብራት ቢጠፋ ያንኑ ብሮውዘር ስትከፍቱ አይዲ "ያልተቀመጠ ሥራ አለህ፣ ልመልሰው?" ብሎ ይጠይቃል። "መልሰው" በሉት። በግል መስኮት ስትሠሩ ከነበረ ግን አይመለስም፤ ሁለት ትር ከፍታችሁም አትሳሉ።

ሴቭ ስትሉ ሁለት ነገር ሙሉ። ማብራሪያው ላይ የሠራችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ "በገበያው ጀርባ ያሉ ቤቶችና የውሃ ቦኖዎች"። ምንጭ በሚለው ላይ ደግሞ በእግር ሄዳችሁ ካያችሁ "የመስክ ጉብኝት"፣ ከፎቶ ከሆነ የፎቶውን ስም። ጀማሪ ከሆናችሁ "ሥራዬን ሰው ይይልኝ" የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጉባት።

ከጉግል ማፕስ ምንም ነገር አትቅዱ። ስምም፣ ነጥብም፣ የመንገድ መስመርም። የባለቤትነት መብት ያለበት ስለሆነ የተቀዳው ሁሉ ሲታወቅ ይሰረዛል፤ ብዙ ሰው ሥራዬ ጠፋ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሴቭ ብላችሁ ካርታው ላይ ካልታየ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ገጹን አድሱ። ኦርጋኒክ ማፕስ ላይ ግን የሚታየው ቀጣዩ የካርታ ማሻሻያ ሲወጣ ነው።

"ግጭት አለ" የሚል መልእክት ከመጣ ያንኑ ነገር ሌላ ሰው በዚያው ሰዓት አርሞታል። ሁለቱን አነጻጽሩ። ካልገባችሁ የሌላውን ተቀበሉና የራሳችሁን እንደገና ጨምሩ። በስህተት ያጠፋችሁት ነገር ካለ አትሸበሩ፤ ታሪኩ ስለሚቀመጥ መመለስ ይቻላል። ራሳችሁ ከአእምሮ እንደገና አትሳሉት፤ ልምድ ያለው ሰው እንዲመልሰው ጠይቁ።

ደረጃ 10፦ ሰው ሲጽፍላችሁ

መልእክቱ በኢሜይል ይመጣል። ጥያቄ ነው እንጂ ክስ አይደለም። በአጭሩ፣ በተቻለ ፍጥነት መልሱ፦ የት እንዳያችሁት፣ መቼ እንደሄዳችሁ። ዝም ካላችሁ ጠያቂው ያለው አማራጭ ሥራችሁን ሰርዞ ካርታውን ወደነበረበት መመለስ ነው። እናንተም የሌላ ሰው ሥራ ካልገባችሁ ሳታጠፉ ጠይቁት።

ደረጃ 11፦ ኤክሴል ላይ የተቀመጠ ዳታ ካላችሁ

የብዙ ማኅበርና ድርጅት ኮምፒውተር ውስጥ የውሃ ጉድጓድ፣ የትምህርት ቤት፣ የጤና ኬላ ዝርዝር ተቀብሮ ይገኛል። ለሌላ ሰው ሊደርስ ይገባዋል። ከማጋራታችሁ በፊት ግን እነዚህን ፈትሹ።

ኬክሮሱ ከኬንትሮሱ ተቀያይሯል? የአዲስ አበባ 9.03 ሰሜን፣ 38.74 ምሥራቅ ነው። ተገልብጦ ከገባ ነጥባችሁ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ነጥቦቻችሁ ባሕር ላይ ከሆኑ ዓምዶቹን ቀያይሩ።

ሁሉም ነጥብ ከ200 ሜትር በላይ በአንድ አቅጣጫ ከራቀ ዳታው አዲንዳን በሚባለው የድሮ የቦታ መለኪያ ሥርዓት የተወሰደ ሊሆን ይችላል፤ የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች በእሱ ነው የተሠሩት። በነፃው ኪውጂስ ሶፍትዌር ከአዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ጂፒኤስ ወደሚጠቀምበት ደብሊውጂኤስ 84 ቀይሩት። በእጅ አትግፉት።

አማርኛው ጥያቄ ምልክት ሆኖ ከወጣ ፋይሉን ከኤክሴል ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ 8 ያለበትን የሲኤስቪ ዓይነት ምረጡ።

የሰው ስምና ስልክ ያለበትን ዓምድ አጥፉ። ዳታው የእናንተ ካልሆነ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ "ችግር የለውም" የሚል የቃል መልስ አይበቃም። ፈቃዱ ማንም እንዲጠቀምበት፣ ለንግድም ጭምር፣ የሚል መሆን አለበት።

እና በአንድ ጊዜ ሙሉውን አትጫኑት። የጅምላ ጭነት የራሱ ደንብ አለው፤ አስቀድማችሁ ለማኅበረሰቡ ማሳወቅና አስተያየት መጠበቅ ግዴታ ነው። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ በእጅ፣ አንድ በአንድ፣ ከሳተላይቱ ፎቶ ጋር እያመሳከራችሁ ማስገባት ይሻላል።

ደረጃ 12፦ አውርዱ፣ አትሙ፣ ስጡ

ለአንድ ሰፈር ኦቨርፓስ ቱርቦ የሚባለው የዳታ መፈለጊያ ድረ ገጽ ይበቃል። ቦታውን አጉሉ፣ "ዊዛርድ" (Wizard) በሚለው መጠየቂያ ፋርማሲ ወይም ትምህርት ቤት ብላችሁ ፈልጉ፣ ውጤቱን በጂኦጄሰን ወይም በኬኤምኤል የፋይል ዓይነት አውርዱ። ባዶ ከመጣ ወይ ቦታውን አላጎላችሁም፣ ወይ የሳላችሁት ነገር ዓይነቱ አልተመረጠለትም፤ ወደ አይዲ ተመልሳችሁ እዩት። አገሩን በሙሉ ከፈለጋችሁ ጂኦፋብሪክ የሚባለው ድረ ገጽ የኢትዮጵያን ፋይል በየቀኑ እያደሰ ያወጣል። ከባድ ስለሆነ ዋይፋይ ባለበት አውርዱት።

ስታትሙም ሆነ ስታጋሩ ግርጌው ላይ "© የኦፕንስትሪትማፕ አስተዋጽኦ አድራጊዎች" ብላችሁ ጻፉ። የፈቃዱ ግዴታ ነው። ዳታውን አሻሽላችሁ ለሕዝብ ካወጣችሁም ያሻሻላችሁትን በዚያው ፈቃድ ለሌላው ክፍት ማድረግ አለባችሁ።

አንድ ቅጂ በትልቁ አሳትማችሁ ለእድሩ ስጡ። አጠገቡ እርሳስ አንጠልጥሉ፤ ስህተት ያየ ሰው እዚያው ምልክት ያደርጋል። በወር አንዴ ሄዳችሁ ምልክቶቹን ሰብስቡና ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።